ፓዩ ለምን ሞቀ? አንድ ዳቦ ቤት ከታክስ ሰብሳቢው ጋር የተከራከረበት ጉዳይ

ሴንት ሄለንስ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። የምትታወቀው በመስታወት ነው። ፒልኪንግተን የሚባለው ትልቅ የመስታወት ኩባንያ እዚያ ሥራ የጀመረው በ1826 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዙሪያዋ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር። እንግዲህ የሠራተኛ ከተማ ናት። የሠራተኛ ምሳ ቶሎ መድረስ አለበት። ዋጋው መክበድ የለበትም፣ ሆድም መያዝ አለበት። በዚያ አካባቢ ይህን ሁሉ የሚያሟላው ምግብ ፓይ ነው።

ፓይ ስል የፖም ፓዩን አይደለም። ስጋ ወይም ስጋና ድንች በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረውን ነው። ከእኛ ምግብ የሚቀርበው ሳምቡሳ ነው። ሳምቡሳ ግን ዘይት ውስጥ ይጠበሳል፤ ፓይ ኦቨን ውስጥ ይጋገራል። መጠኑም ተለቅ ስለሚል አንዱ ብቻውን ምሳ ይሆናል።

በዚህች ከተማ ጆን ፒምብሌት እና ልጆቹ የሚባል ድርጅት ነበር። ዳቦ ቤት ነው። ሱቆች ነበሩት፤ ዳቦም ኬክም ፓይም ይሸጥ ነበር። ፓዮቹ ከኦቨን እየወጡ ለሽያጭ ይቀርባሉ። ቶሎ የደረሰ ደንበኛ ትኩስ ፓይ ይገዛል። ትንሽ የዘገየ ለብ ያለ ያገኛል። በጣም የዘገየ ደግሞ የቀዘቀዘ ይዞ ይሄዳል። ዋጋው ያው ነው። ይህ ተራ የዳቦ ቤት አሠራር በ1980ዎቹ ከታክስ ሰብሳቢው ጋር ፍርድ ቤት አድርሶ ይግባኝ ድረስ አከራከረ። ውጤቱም በእንግሊዝ አገር የሚሸጥ ትኩስ ምግብ ሁሉ እንዴት ታክስ እንደሚከፈልበት ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ወሰነ።

ጉዳዩን የመረጥኩት በምግብ ሥራ ላይ ላለ ትንሽ ነጋዴ ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ ክርክር ስለማላውቅ ነው። ብዙ ሰው የታክስ ጉዳይ በሒሳብ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል። ይህ ጉዳይ ግን ያለቀው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

እንግሊዝ ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ በተለምዶ ቫት የምንለውን፣ የጀመረችው በ1973 ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተወሰነ። ሰው ቤቱ ወስዶ የሚበላው ተራ ምግብ በዜሮ ተመን ይሸጥ ተባለ። ዳቦ፣ ስጋ፣ ዱቄት፣ አትክልት፣ ሁሉም ዜሮ ናቸው። ሬስቶራንት ተቀምጦ የሚበላ ግን ይከፍላል፤ እሱ የመስተንግዶ አገልግሎት ነው። ይዘውት የሚሄዱት ምግብ፣ ትኩስም ይሁን ቀዝቃዛ፣ ያኔ ቫት አልነበረበትም።

በመጋቢት 1984 የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጀል ላውሰን በበጀት ንግግራቸው ይህን ቀየሩ። ከግንቦት 1 ቀን 1984 ጀምሮ ይዘውት የሚሄዱት ትኩስ ምግብም ቫት እንዲከፈልበት ተደረገ። ዒላማው ግልጽ ነበር። አሳና ድንች ጥብስ የሚሸጡ ቤቶች፣ የቻይናና የሕንድ ምግብ ቤቶች፣ ሀምበርገር ቤቶች። እነዚህ የሚሸጡት በቁሙ የሚበላ የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ልዩነቱ ወንበርና ጠረጴዛ ባለመኖሩ ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ እኔም ትክክል ነው እላለሁ።

ችግሩ ትኩስ ምግብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲጻፍ መጣ። ሕጉ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ምግቡ ሲሸጥ ከአካባቢው አየር የሞቀ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የሞቀበት ዓላማ ሰው በትኩስነቱ እንዲበላው መሆን አለበት። ሁለቱ አብረው ካልተሟሉ ታክስ የለም። ሕግ አርቃቂዎቹ ዓላማ የሚለውን ያስገቡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ማንኛውም ዳቦ ከኦቨን ሲወጣ ትኩስ ነው። ሙቀት ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ዳቦ የሚገዛ ሰው ሁሉ ቫት ሊከፍል ነው።

ፒምብሌት እዚህ መስመር ላይ ቆሞ ተገኘ። ፓዩ ትኩስ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ለምንድን ነው ትኩስ የሆነው?

ገንዘቡ ምን ያህል ያደርሳል?

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ሒሳቡን እንየው። ነጋዴው ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው ለክብሩ ብቻ ብሎ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የቫት ምጣኔ 15 በመቶ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ፓይ በ46 ፔንስ ይሸጣል እንበል። ታክሱ ዋጋው ውስጥ ተካቶ ከሆነ 6 ፔንሱ የመንግሥት ነው። ለሻጩ የሚቀረው 40 ነው። ከዚህ ላይ ዱቄቱ፣ ስጋው፣ ደመወዙና ኪራዩ ይነሳል። ከአንድ ፓይ የሚተርፈው 5 ፔንስ ብቻ ከነበረ፣ 6ቱ ሲወጣ ሻጩ በእያንዳንዱ ፓይ ላይ እየከሰረ ነው። ዋጋውን እጨምራለሁ ቢል ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ቫት የሚከፍል ነጋዴ ለዕቃ ሲከፍል የቆየውን ቫት ተመላሽ ማድረግ ይችላል። የፋብሪካ ሰው ይህ በጣም ይረዳዋል። ዳቦ ቤት ግን የሚገዛው ዋናው ዕቃ ዱቄትና ስጋ ነው፤ እነሱ ደግሞ ዜሮ ናቸው። የሚመልሰው ነገር የለውም። ለኦቨንና ለማሸጊያ የከፈለውን ይመልሳል፤ በቃ። ስለዚህ ታክሱ ሲመጣ በሙሉ ክብደቱ ነው የሚያርፍበት። በሌላ በኩል ፓዩ ዜሮ ሆኖ ከቀጠለ ነጋዴው ከደንበኛው ምንም ሳይሰበስብ የኦቨኑን ቫት ተመላሽ ያደርጋል። ዜሮ ተመን ማለት ከታክስ ውጭ መሆን ማለት አይደለም። ታክስ ውስጥ ሆኖ ምጣኔው ዜሮ መሆን ነው። ይህ ልዩነት ለትንሽ ነጋዴ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ክርክሩ

በጊዜው ቫት የሚሰበስበው የጉምሩክና ኤክሳይስ መሥሪያ ቤት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አቋም ቀላልና ለመረዳት የማያስቸግር ነው። ፓዩ ሲሸጥ ይሞቃል። ደንበኛው ብዙውን ጊዜ በምሳ ሰዓት ይገዛዋል። ገዝቶም ሳይቀዘቅዝ ይበላዋል። ዳቦ ቤቱም ይህን ያውቃል። ታዲያ ትኩስ ምግብ እየሸጠ አይደለም እንዴ?

ዳቦ ቤቱ ደግሞ እንዲህ አለ። እኛ ጋጋሪዎች ነን። የምንሸጠው አሁን የተጋገረ ፓይ ነው። ፓዩ የሚሞቀው ከኦቨን ስለወጣ ነው። እዚያው እየጋገርን የምንሸጠው ሽታው ሱቁን እንዲሞላው፣ ደንበኛውም ፓዩ የዛሬ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ደንበኛው ትኩሱን ይብላው ወይም ቤቱ ወስዶ ማታ ይብላው፣ ያ የእሱ ጉዳይ ነው። እኛ ፓዩን ሙቀቱን እንዲይዝ ብለን ያደረግነው ነገር የለም።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነው። ማንም ነጋዴ ስለ ዓላማው የፈለገውን ማለት ይችላል። ታክስ ለማምለጥ ሲሆን ደግሞ ሁሉም የሚያምር ዓላማ አለው። ዳኛ በምን ያምነዋል? በሥራው ነው። ፓዩን ከኦቨን አውጥቶ መደርደሪያ ላይ የሚተው ሰውና ፓዩን ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር እየሸጡ ነው። ሁለተኛው ለሙቀቱ ገንዘብ አውጥቷል። መሣሪያ ገዝቷል፣ መብራት ይከፍላል፣ ሙቀቱ እንዲቆይ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሙቀቱ ሲሄድ ዝም ብሎ ያየዋል። የቀዘቀዘውን ፓይ በዚያው ዋጋ መሸጡ ደግሞ ሙቀቱን ለብቻው እየሸጠ እንዳልሆነ ያሳያል።

ጉዳዩን መጀመሪያ የሰማው የቫት አቤቱታ ሰሚ ጉባኤ ነው። ከዚያ በይግባኝ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1988 በታተመው የፍርድ መዝገብ ላይ እንደሚገኘው፣ እዚያ ዳቦ ቤቱ አሸነፈ።

ፍርድ ቤቱ ሁለት ጥያቄ ነበር መመለስ ያለበት። የማን ዓላማ ነው የሚታየው? የሻጩ ነው ተባለ። ምግቡን ያሞቀው ሻጩ ነውና፣ ለምን እንዳሞቀው የሚጠየቀውም እሱ ነው። ደንበኛው ምን እንዳሰበ በየወረፋው እየጠየቁ መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሻጩ ከአንድ በላይ ዓላማ ቢኖረውስ የሚል ነው። ዋናው ዓላማ የትኛው እንደሆነ ይታያል ተባለ። ፒምብሌት አንዳንድ ደንበኛ ትኩሱን እንደሚወደው አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ያውቃል። ዋናው ዓላማው ግን አዲስ የተጋገረ ፓይ መሸጥ ነበር። ስለዚህ ቫት የለም።

ፍርዱ ላይ ያለኝ ሐሳብ

እኔ ፍርዱ ልክ ነበር እላለሁ። ታክስ መከተል ያለበት የሚሸጠውን ነገር ነው። ዳቦ ቤት የሚሸጠው የተጋገረ ምግብ ነው፤ ሰዓቱ ከሰጠ ትኩስ ነው፣ ካልሰጠም ያው ምግብ ነው። አንድ ደንበኛ እኩለ ቀን ላይ ገዝቶ ቫት እንዲከፍል፣ ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ፓይ ገዝቶ እንዳይከፍል ማድረግ ፍትሕ አይመስለኝም። ሱቅ ውስጥ ለቆመችው ሻጭም ጭንቅ ነው። ወረፋው በር ድረስ በደረሰበት ሰዓት የትኛው ፓይ እንደበረደ እየዳሰሰች ልትሸጥ ነው?

ሆኖም ከሌላው ወገን ያለውን ቅሬታ መናቅ አይገባም። አሳና ድንች ጥብስ የሚሸጠው ሰውዬ እዚያው ጎዳና ላይ ነው ያለው። እሱም ትንሽ ነጋዴ ነው፤ እሱም ለሠራተኛው ምሳ ያቀርባል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለመንግሥት ይከፍላል፤ ጎረቤቱ ፓይ ሻጭ አይከፍልም። ለሁለቱም የሚሰለፈው ደንበኛ አንድ ነው። ይህ ቅር ቢያሰኘው አይገርምም። ልዩነቱ ግን አለ። ቀዝቃዛ አሳና ድንች ማንም አይገዛም፤ የአሳ ቤቱ ሙቀት የምግቡ ግማሽ አካል ነው። የፓይ ቤቱ ሙቀት ግን ከመጋገሩ የሚተርፍ ነው።

ፍርዱ የፈጠረው ሌላ ችግር ነበር፤ እሱም ቀስ ብሎ ነው የታየው። መለኪያው የሻጩ ሐሳብ ከሆነ፣ ሁሉም ሻጭ ሐሳቡን እንደሚመቸው ይናገራል። በቀጣዮቹ ዓመታት ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ሳይቀሩ ትኩስ የተጠበሰ ዶሮ እየሸጡ፣ እኛ የምናሞቀው ለመብሰሉ ነው እንጂ በትኩሱ እንዲበላ አይደለም ማለት ጀመሩ። ለትንሽ ዳቦ ቤት የተከፈተው በር በጣም ለሰፋ ኩባንያም መግቢያ ሆነ።

የ2012 ግርግር

በመጋቢት 21 ቀን 2012 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን በበጀታቸው ይህን በር እንዘጋለን አሉ። ያኔ የቫት ምጣኔ 20 በመቶ ደርሶ ነበር። ሐሳባቸው ዓላማ የሚለውን መለኪያ አንስቶ ሙቀቱን ብቻ መተው ነበር። ሲሸጥ ከአካባቢው አየር የሞቀ ምግብ ሁሉ፣ አዲስ ከተጋገረ ዳቦ በቀር፣ 20 በመቶ ይክፈል።

በዚህ ጊዜ የተነሳው ሴንት ሄለንስ ብቻ አልነበረም። ከሁሉም በላይ የጮኸው ኮርንዎል ነው፤ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው አውራጃ። የኮርንዎል ሰዎች ፓስቲ የሚባል የራሳቸው ፓይ አላቸው። ስጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና አንድ ዓይነት ሥር አትክልት በሊጥ ታጥፎ ይጋገራል። ቀድሞ የማዕድን ቆፋሪዎች ስንቅ ነበር። ገና በ2011 ነው በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ ስሙ የተጠበቀለት፤ ኮርንዎል ውስጥ ያልተሠራ ፓስቲ የኮርንዎል ፓስቲ ተብሎ አይሸጥም። ስሙ በተከበረ በዓመቱ ታክሱ መጣ። ጋዜጦቹ የፓስቲ ታክስ አሉት፤ ስሙም ተጣበቀ።

ፖለቲካው ጦፈ። በምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ፊት አንድ አባል ኦዝቦርንን ግሬግስ ከሚባለው የዳቦ ቤት ሰንሰለት ፓስቲ መቼ ገዝተው እንደሚያውቁ ጠየቋቸው፤ አላስታውስም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን ፓስቲ እወዳለሁ፣ ሊድስ ባቡር ጣቢያ ገዝቼ በልቻለሁ አሉ፤ ጋዜጠኞች ሄደው ሲያጣሩ የጠቀሱት ሱቅ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል። በኮርንዎል ሰልፍ ተወጣ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ተሰብስቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ደረሰ።

እኔን ግን የሚስበኝ ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው የሥራ ጥያቄ ነው። ጋጋሪዎቹ ያነሱት ክርክር ከፒምብሌት ክርክር ጋር አንድ ነበር፤ በሱቅ ውስጥ ሆኖ ሲታይ ሕጉ አይሠራም የሚል። የአካባቢው አየር ስንል የቱ አየር? በጥር የኮርንዎል ብርድና በሐምሌ ሙቀት አንድ ፓስቲ ሁለት ታክስ ይኖረዋል ማለት ነው። የፓስቲ ቅርፊቱ በርዶ ውስጡ ሊፋጅ ይችላል፤ የትኛው ነው የሚለካው? ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቴርሞሜትር ይወጋ? ወረፋ የያዙት ደንበኞች ፓስቲው እንዲበርድ ይጠብቁ? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ መንግሥት አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። ምክንያቱም የለም። ሙቀት በየደቂቃው የሚለወጥ ነገር ነው፤ ሒሳብ ደግሞ በየደቂቃው በሚለወጥ ነገር ላይ ሊቆም አይችልም።

በግንቦት 28 ቀን 2012 መንግሥት አፈገፈገ። ከጥቅምት 1 ቀን 2012 ጀምሮ የጸናው ሕግ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው፤ በእኔ ግምት ከ1984ቱም ሆነ ከመጀመሪያው የ2012 ሐሳብ በጣም የተሻለ ነው። ምግቡ ሲሸጥ የሞቀ ሆኖ ከሚከተሉት አንዱ ከተሟላ ይከፈልበታል። በትኩሱ እንዲበላ ተብሎ ከሞቀ። ደንበኛው ካዘዘ በኋላ ከሞቀ። ከሞቀ በኋላ ሙቀቱ እንዲቆይ ከተደረገ። ሙቀት በሚይዝ ወይም ለትኩስ ምግብ ተብሎ በተሠራ ማሸጊያ ከተሰጠ። ወይም ትኩስ ነው ተብሎ ማስታወቂያ ከተሠራለት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ከኦቨን ወጥቶ በራሱ ጊዜ የሚበርድ ፓይ ዜሮ ነው።

ልብ በሉ። ዓላማ የሚለው አልጠፋም፤ ግን አሁን ብቻውን አይደለም። የተጨመሩት አራቱ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ማሞቂያ ሳጥን አለ ወይስ የለም? ማሸጊያው ምን ዓይነት ነው? መስኮቱ ላይ ምን ተጽፏል? የታክስ መርማሪ ገብቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያጣራው ይችላል። ነጋዴውም ራሱን በዚያው መለኪያ ሊያይ ይችላል። የሱፐርማርኬቱ ትኩስ ዶሮ በማሞቂያ ውስጥ ስለሚቆይ ታክስ ውስጥ ገባ። የዳቦ ቤቱ ፓይ ወጣ። ፒምብሌት በሱቁ አሠራር ያስረዳው ነገር ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የሕጉ ፊደል ሆነ ማለት እችላለሁ።

በዚያው ሰሞን የነበረ ሌላ ክርክር ይህን ያጠናክራል። የሰብዌይ ሳንድዊች የሚሸጥ አንድ ድርጅት እኛም እንደ ፒምብሌት ነን ብሎ ተከራከረ። ሳንድዊቹን የምናሞቀው አይብ እንዲቀልጥና ዳቦው እንዲጠበስ ነው፤ በትኩሱ እንዲበላ አይደለም አለ። በ2010 ጉባኤው አልተቀበለውም። በ2012ም ተሸነፈ። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዘጋበት፤ በሻጩ ልብ ውስጥ ያለው ሳይሆን ከውጭ ሆኖ የሚታየው ነው የሚመዘነው አለ። ልዩነቱ ሩቅ አይደለም። ሳንድዊቹ የሚሞቀው ደንበኛው ፊት፣ ካዘዘ በኋላ ነው። ወዲያው ተጠቅልሎ እጁ ላይ ይገባል። እንዲህ እየሠሩ ዓላማዬ ሌላ ነው ማለት አያስኬድም።

ሳምቡሳ ለሚሸጡ ወገኖች

ይህ ሕግ ለንደንና ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ውስጥ ቡና ቤትና ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን በቀጥታ ይነካል። ሳምቡሳ ለሕጉ ከፓስቲ የተለየ አይደለም። መስታወት ማሞቂያ ውስጥ አስቀምጣችሁ የምትሸጡት ሳምቡሳ 20 በመቶ አለበት። ደንበኛ ሲያዝ ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቃችሁ ብትሰጡትም እንዲሁ። ጠዋት ተጠብሶ፣ በርዶ፣ በወረቀት ከረጢት ይዘውት የሚሄዱት ሳምቡሳ ግን ዜሮ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚበላ ከሆነ ቀዝቃዛም ቢሆን ይከፈልበታል። ለሠርግና ለክርስትና ድግስ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ምግብም መስተንግዶ ስለሆነ ይከፈልበታል። ሻይና ቡና ትኩስ መጠጥ ናቸው፤ ሁሌም ይከፈልባቸዋል።

እዚህ ላይ የጤና ደንቡም ይገባል። በእንግሊዝ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድ ይፈለጋል፤ ከዚያ በታች ለሽያጭ መቀመጥ የሚችለው አንድ ጊዜ፣ ከ2 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ስለዚህ የስጋ ሳምቡሳን ቀኑን ሙሉ ለብ አድርጌ አቆየዋለሁ ማለት አይቻልም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ በደንብ አሙቆ ማቆየትና ቫቱን ዋጋው ውስጥ ማስገባት፣ ወይ ትንሽ ትንሽ እየጠበሱ ቶሎ ቶሎ መሸጥ። ሁለተኛው ድካም አለው። ሳምቡሳው ግን ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ሽታውም ደንበኛ ይጠራል፤ ፒምብሌትም ሲል የነበረው ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የምዝገባው ጣሪያ ላይ ነው። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለቫት የመመዝገብ ግዴታ የሚመጣው የ12 ወር ሽያጭ ከ90,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁና በፈቃዳችሁም ካልተመዘገባችሁ፣ ማሞቂያ ኖረም አልኖረም ቫት አትሰበስቡም። ግን ሲቆጠር የዜሮ ተመን ሽያጭም አብሮ ይቆጠራል። ቀዝቃዛ ሳምቡሳና እንጀራ ብቻ የሚሸጥ ሰው እኔን አይመለከተኝም ብሎ ይቀመጣል፤ ጣሪያውን ሲያልፍ ግን ማሳወቅ አለበት። የሚሸጠው ሁሉ ዜሮ ከሆነ ከምዝገባ ነጻ አድርጉኝ ብሎ ማመልከት ይችላል።

የተመዘገበ ሰው ደግሞ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ ለትኩስ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ይህንን ነው። ሽያጩ ተለይቶ ካልተመዘገበ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ሊከፋፍለው ይችላል፤ በተራ ስህተት እንኳን ዕዳው እስከ 4 ዓመት ወደኋላ ይቆጠራል። ማሞቂያ ሳጥኑን የገዛችሁበት ደረሰኝ፣ የማሸጊያው ዓይነት፣ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት የዋጋ ዝርዝር፣ ስልካችሁ ላይ ያለው የማስታወቂያ ፎቶ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ትኩስ ሳምቡሳ ብላችሁ ቲክቶክ ላይ ለጥፋችሁ ሱቁ ውስጥ ግን ቀዝቃዛ ነው የምንሸጠው ካላችሁ፣ ከአምስቱ መለኪያዎች የመጨረሻው ላይ ትወድቃላችሁ።